ያልታጠቡት ጎማዎች

አባቴ ሃልቮር ሰው የሚመዝነው በጎማው ነው። አዲስ ቄስ ወደ ሸለቋችን የመጣ ዓመት ሌላው ሕዝብ ስብከት ሊሰማ ሲገባ፣ እሱ ውጭ ቀርቶ የቄሱን መኪና ዞሮ ዞሮ አየ። «ጥርሱ ባለቀ ጎማ ነው የሚሄደው። ለራሱ ነፍስ ያላሰበ ሰው ለእኔ ነፍስ ሊያስብልኝ ነው?» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቄሱ አዲስ ጎማ እስኪያስገባ ድረስ ሦስት እሑድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠም። በአራተኛው እሑድ ከሁሉም ፊት ተቀምጦ፣ አንዲት ቃል ሳይሰማ፣ «ግሩም ስብከት ነው» አለ።

መስማት ላይ ደከም ይላል። የግራ ጆሮው ፈጽሞ አይሰማም፤ የቀኙ የሚሰማው ደስ ሲለው ነው።

በእኛ ሸለቆ በረዶው በጥቅምት ገብቶ ሚያዝያ ሲጋመስ ነው የሚለቀን። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ለአንድ መኪና ስምንት ጎማ አለው፤ አራቱ ለበረዶው፣ አራቱ ለደረቁ መንገድ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈታል፣ ሁለት ጊዜ ይታሰራል። ጠቡ ያለው የበረዶው ጎማ ምን ዓይነት ይሁን በሚለው ላይ ነው። አንደኛው ባለ ሚስማር ነው፤ ላስቲኩ ላይ ትንንሽ ብረቶች ስለተተከሉበት በረዶውን እየቧጠጠ ይሄዳል፣ ደረቅ አስፋልት ሲያገኝ ግን ያንጫጫል። ሌላው ሚስማር የለውም፤ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ገላው ሁሉ በምላጭ የተተለተለ ይመስላል፣ ድምፅም የለው። በዚህ ጉዳይ ተኳርፈው የቀሩ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ራንዲ የሚስማር ጠላት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አባቴን ብቻቸውን ይገጥሙታል፤ ብቻቸውንም አይሸነፉም።

«ሃልቮር፣ ያንተ መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ሳህኖች ይጨፍራሉ።»

«ይጨፍሩ! ከባለቤታቸው ይሻላሉ።»

«መንገዱን እየፋቅህ አቧራውን ሳንባችን ውስጥ ትከተዋለህ እኮ!»

«አንቺ የምትሄጂበት ጎማ አይደለም፣ ካልሲ ነው። በካልሲ በረዶ ላይ የወጣ ሰው የት አይተሻል?»

አሥራ አምስት ዓመት የተባባሉት ይህንኑ ነው። የሚያስቀው ነገር መኪናዎቻቸው መንታ መሆናቸው ነው። አባቴና የእትዬ ራንዲ ባል በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሻጭ፣ አንድ ዓይነት ብርማ መኪና ገዙ፤ ቸርኬው ሳይቀር አንድ ነው። ትርፍ ጎማዎቻቸውንም የሚያስቀምጡት በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለችው አሮጌ የሣር ጎተራ ውስጥ ነው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የግራው ግድግዳ የአባቴ፣ የቀኙ የእነሱ ነው። ጎማ ሲፈታ የነበረበት ቦታ በጠመኔ ይጻፍበታል፤ ግራ ፊት፣ ቀኝ ኋላ እያሉ። ስም የሚጽፍ የለም። ጎማውን የማያውቅ ማን አለ?

ልዩነታቸው በሚያዝያ ነው የሚታየው። እትዬ ራንዲ ጎማቸውን ከነጭቃው እያንከባለሉ ወደ ጎተራ ይወረውሩታል። አባቴ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይይዛል። በሳሙና ያጥባል፣ በጥርሶቹ መካከል የገባውን ጠጠር አንድ በአንድ በጠመንጃ መፍቻ ይለቅማል፣ የጥርሱን ጥልቀት በሳንቲም ይለካል፣ ያደርቃል፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ አስተኝቶ ይደረድራል። በመጨረሻም መዳፉን በእያንዳንዱ ላይ ያሳልፋል። እኔንና ወንድሜን ኤስፔንን እንዲያ አድርጎ አጥቦን አያውቅም፤ እናቴ ምስክር ነበረች።

ያን ዓመት አባቴ ሰማንያ ሁለት ሞላው፤ ኤስፔንም በደወለ ቁጥር የመኪናውን ቁልፍ እንቀበለው ማለት ጀመረ። ኤስፔን የሚኖረው ኦስሎ ነው፤ እዚያ ሰው ሁሉ በባቡር ይሄዳል። «ሐኪሙ መንዳት ይችላል ብሎ ይፈርምለት እንጂ እኔ አላምነውም» ይላል። እኔ ደግሞ ቁልፉ ለአባቴ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከመንደሩ በላይ፣ በአቀበቱ ጫፍ ላይ አዳራሽ አለን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ቀትር ላይ ዳንስ አለ፤ አኮርዲዮን የሚጫወተው አባቴ ነው። ጆሮው ቢደክምም አኮርዲዮኑ ደረቱ ላይ ስለሚተኛ በደረቱ ይሰማዋል። እናቴ ከሞተች በኋላ ከአልጋው ያስነሳው እሱ ዳንስ ነው። ወደዚያ አውቶቡስ አይወጣም። «እኔ አደርስሃለሁ» ብለው ደግሞ፣ «ተጭኖ የመጣ ሙዚቀኛ ሰው አያስጨፍርም» ብሎ መለሰልኝ። ቁልፉ ከሄደ አኮርዲዮኑ ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል፤ አባቴም አብሮት።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ያንን ስልክ የደወልኩት።

በዚያው ጥቅምት አባቴን ወገቡ ያዘው። ክሪክ ማንሳት ቀርቶ ካልሲውን ማጥለቅ አቃተው። «ጎማውን አንቺ ቀይሪው፣ ቱሪድ» አለኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ እሱ ግን ጎማውን አስነክቶኝ አያውቅም ነበር። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ከጎተራው ከግራ ግድግዳ አራቱን አንከባልዬ አወጣሁ፣ የጠመኔውን ጽሑፍ እያነበብኩ ቦታ ቦታቸው አቆምኳቸው፣ ክሪኩን አስገባሁ። ብሎኖቹን እንዳስተማረኝ በመስቀል አጠበቅሁ፤ አንዱን፣ ከዚያ ትይዩውን። ነፋሱን ለካሁ፣ በብርድ ስለሚቀንስ ትንሽ ጨመርኩ። እጄ ደንዝዞ፣ ፀጉሬ ላይ በረዶ ተሸክሜ ወደ ወጥ ቤት ገባሁና፣ «ጨረስኩ፣ አባዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«ብሎኖቹስ?»

«በመስቀል ነው ያጠበቅኋቸው!»

«ጎበዝ» አለኝ። በሕይወቴ ሦስት ጊዜ ነው ጎበዝ ያለኝ።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። ጎማዎቹ አልታጠቡም። የሚያዝያ ጭቃ ደርቆባቸው፣ ጥርሶቻቸው በአፈር ተደፍነው ነበር። አባቴ ጎማ ሳያጥብ ያስቀመጠ ጊዜ የለም። ቤቴ ስደርስ ያ ጭቃ ከዓይኔ አልጠፋ አለ፤ ለኤስፔን ደወልኩለት።

«ኤስፔን፣ አባዬ ጎማዎቹን ሳያጥብ ነው ያስቀመጣቸው።»

ማብራራት አላስፈለገኝም። ሁለታችንም ያደግነው እዚያ ቤት ነው።

«እንግዲህ በቃ» አለኝ። «ያለቀለት ነገር ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ለአባቴም ራሱ ደውሎ እየጮኸ ነገረው፦ ቅዳሜ መንገዱ በረዶ ይሆናል ተብሏል፣ በአቀበቱ ግርጌ ካለው ድልድይ ተነስቶ አዳራሹ በር ድረስ ሳይንሸራተት ከወጣ ኤስፔን ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። ከተንሸራተተ ቁልፉ ኤስፔን ኪስ ይገባል። አባቴ ስልኩን ዘግቶ፣ «ኤስፔን ዳንስ ሊመጣ ነው» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ፤ ምናለ ምላሴን በቆረጠው እያልኩ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ መንገዱ አብረቅርቆ ጠበቀን። ሌሊት ዘንቦ ስለቀዘቀዘ አቀበቱ ከታች እስከ ላይ በረዶ ለብሷል። ድልድዩ አጠገብ አባቴ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ አኮርዲዮኑን ከኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ አስሮለታል። ኤስፔን ጥቁር ካፖርትና የሚያብረቀርቅ የቢሮ ጫማ አድርጎ ቆሟል። የዳንሱ ሰዎች የዋፍል ቂጣ ሊጥ በባልዲ ይዘው እየተሳሳቁ ያልፉናል፤ ወሬው ሸለቆውን ስላዳረሰ የሚያልፉት ቀስ እያሉ ነው።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄድክበት?» ብዬ ጮህኩ። አዲስ የታሰረ ጎማ ሃምሳ ስልሳ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ብሎኑ እንደገና መጥበቅ አለበት፤ ይህ በአባቴ ቤት ሕግ ነው።

«ስልሳ ሦስት!»

«በሳምንት? የት ሄደህ ነው?»

«ሱቅ!»

ሱቁ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለመጠየቅ ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ የጎማ መፍቻዬን ይዤ ከግራ ፊት ጎማው ሥር ተንበረከክሁ። ብሎኖቹ ጥብቅ ነበሩ። ቀና ልል ስል ዓይኔ ጎማው ገላ ላይ አረፈ። የሳምንቱ መንገድ ጭቃውን አራግፎለታል። ከጭቃው ሥር ሚስማር የለም። በጣቴ ዳሰስኩት። ለስላሳ ነው፣ በምላጭ የተተለተለ። ወደ ኋለኛው ዞርኩ፤ እሱም እንደዚያው።

በዚያች ደቂቃ የእትዬ ራንዲ መኪና ድልድዩን አቋርጣ መጣች። ድልድዩ ላይ በረዶ አልያዘም ነበርና መኪናዋ ክርርርር እያለች፣ ሚስማሯን ታንጫጫለች። አሥራ አምስት ዓመት ሚስማርን ሲረግሙ የኖሩት ሴትዮ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ወደ ጎን ሳያዩ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው አለፉኝ።

ሁሉም ነገር ገባኝ። ያ ጭቃ የእሳቸው ጭቃ ነበር። አባቴ ጎማውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሌላ ቦታ ነው ያስቀመጠው፤ እኔ ደግሞ ጠመኔ ሳነብ ጎማ ሳላይ የሰው ጎማ አስሬለታለሁ። በዚያ ላይ አረጀ ብዬ አሳብቄበታለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ግን ምን ላድርግ? ብናገር ኤስፔን፣ «የራሱን ጎማ እንኳ ያላወቀ ሰው!» ብሎ እዚያው ቁልፉን ይቀበላል። ዝም ብል አባቴ ሚስማር አለኝ ብሎ በዚህ መስተዋት ላይ ይወጣል። በጆሮው እንዳላንሾካሹክለት ደግሞ እሱ የሚሰማኝ መንደሩ በሙሉ ከሰማ በኋላ ነው። ኪሴ ውስጥ ጠመኔ ነበረኝ። በጥቁሩ ጓንቴ መዳፍ ላይ «ሚስማር የለውም» ብዬ ጻፍኩና በመስኮቱ በኩል አሳየሁት።

አባቴ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ አየ።

«ጓንትሽ ቆሽሿል» አለ ጮክ ብሎ። «እጠቢው።»

ኤስፔን ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሌላ ነገር አልታየኝም፤ በሩን ከፍቼ ከጎኑ ገባሁ።

«እሷ ለምን ገባች?» አለ ኤስፔን።

«ለክብደት!» ብዬ ጮህኩበት፤ ምን እንዳልኩም አላውቅም። ኤስፔን አቀበቱ መካከል ያለው ኩርባ ጋ ቆሞ ሊያይ በእግሩ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ አባቴ ትንሽ ጠብቆት ሞተሩን አስነሳ።

በሩ እንደተዘጋ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፦ «አባዬ፣ ሚስማር የለውም! የእትዬ ራንዲ ጎማ ነው ያሰርኩልህ!»

«አውቃለሁ። አትጩኺ፣ ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ታውቃለህ?»

«ያን ቀን ማታውኑ ዳስሼዋለሁ። ጆሮዬ ቢሄድ እጄ የት ሄደ?» ማርሹን ሁለተኛ ላይ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል አድርጎ ለቀቀው፤ መኪናዋ ምንም ሳትል ተነሳች። «ሐምሌ ላይ የጎተራው ጣሪያ በግራ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። የእኔን ወደ ቀኝ፣ የራንዲን ወደ ግራ አዘዋወርኳቸው። ልነግርሽ ረሳሁ። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው።»

«የሳቸውን የሚያፈስ ጣሪያ ሥር አደረግከው?»

«እንዲታጠብ ብዬ ነው።»

በቁም ነገር ነው የተናገረው። አቀበቱን ተያያዝነው። ሚስማሩ ሲቧጥጥ የሚሰማው ድምፅ የለም፤ ላስቲኩ በረዶውን ሲረግጥ ትንሽ ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚሰማው። አባቴ መሪውን በጣቶቹ ጫፍ ይዞ፣ ፍሬን የሚባል ነገር እንዳለ የረሳ መስሎ፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት ይዞ ይወጣል።

«ለምን ታዲያ አልነገርከኝም? መልሼ እቀይረው ነበር እኮ!»

«በረዶ በራስሽ ላይ ይዘሽ ገባሽና ‹ጨረስኩ አባዬ› አልሽኝ። ሰባት ዓመትሽ መስለሽኝ ነበር።» መሪውን በአንድ ጣት አቃና። «ደግሞም በሚስማር ብወጣ ኤስፔን ምን ይላል? ሚስማሩ ነው የወጣው ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት በድሮው የወተት ፋብሪካ ግቢ በረዶ ላይ ስለማመድ ነበር። ራንዲ እያየች ትስቅብኛለች። ይሄ ጎማ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ቀስ ብለሽ ስትጠይቂው ነው እሺ የሚለው። አሁን ዝም በይ፣ ኩርባው መጣ።»

ኩርባው የአቀበቱ ክፉ ቦታ ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ ቁልቁል የሚያየውም እሱ ነው። ኤስፔን ከላይኛው ጠርዝ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ገና አሥር ሜትር ሲቀረን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ፤ ያ የቢሮ ጫማው ከዳው። እግሮቹ ሰማይ አዩ። በመቀመጫው ዘፍ አለና ካፖርቱን እየጎተተ፣ እንደተቀመጠ፣ እየተሽከረከረ፣ ቀጥ ብሎ ወደ መኪናችን መምጣት ጀመረ።

«አባዬ!»

«አየሁት።»

ፍሬኑን ቸኩሎ አልረገጠውም። እግሩን ከነዳጁ አነሳ፣ ፍሬኑን ዳበስ፣ ዳበስ አደረገው፤ መኪናዋ ወደ ጎን ሳትል ቆመች። ኤስፔንም ተንሸራትቶ ተንሸራትቶ ጫማዎቹ የፊት ጎማችንን ነክተው ቆመ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አባቴ አንገቱን አወጣ።

«ልጄ፣ ጫማህ ሚስማር አለው?»

«የለውም» አለ ኤስፔን፣ ተንጋሎ ሰማዩን እያየ።

«ይታያል። ተነስና ግባ። ከፊት ተቀመጥ፤ ይቺ መኪና የምትጎትተው በፊት እግሯ ነው፣ ክብደት እዚያ ይሻላል። ቱሪድ፣ ከአኮርዲዮኑ ጋር ወደ ኋላ።»

ቦታ ተለዋወጥን። ኤስፔን በረዶውን ከካፖርቱ እያራገፈ ገባ፤ ከኩርባው በላይ አሥራ አምስት ሰው፣ እትዬ ራንዲም መካከላቸው ሆነው፣ ወደ ታች እያዩን ነው። ሳንቆም ብንሄድ ኖሮ እንወጣ ነበር። አሁን ግን አቀበቱ ላይ፣ በረዶ ላይ፣ ከቆመበት መነሳት አለበት። እኔ አኮርዲዮኑን አቅፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ቁልፉን አላሰብኩም፤ የዚህን ሰውዬ ቅዳሜ ነው ያሰብኩት።

ጎማው አንዴ በቦታው ዞረ። አባቴ ወዲያው ነዳጁን ቀነሰለት። እንደገና፣ ከበፊቱ ቀስ ብሎ። ትንሽ ወደ ኋላ ያልን መሰለኝ፤ ከዚያ ላስቲኩ ያዘ። መኪናዋ አንድ ስንዝር ሄደች፣ አንድ ክንድ ሄደች፣ ከዚያ ኩርባውን ጨርሳ ቀጥ አለች። ላይ ያሉት ሰዎች የሊጡን ባልዲ መምታት ጀመሩ። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ አባቴ ሞተሩን አጠፋና ቀበቶውን እየፈታ፣ «ደርሰናል» አለ፤ ከሱቅ የተመለሰ ይመስል።

ኤስፔን አጠገቡ ተቀምጦ ቀረ። «አባዬ፣ ተሸነፍኩ» አለ። «ሚስማር እንደዚህ ይይዛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

እትዬ ራንዲ መስኮቱ ላይ ደረሱ። አላስቻላቸውም። «የምን ሚስማር! ሚስማሩ እኔ ጋ ነው ያለው! በእኔ ካልሲ ነው የወጣው አባትህ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተከትሎ መናገር አይቻልም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው ያወራው። እትዬ ራንዲ የመንደሩ ጎሚስታ ዘንድ ሄደው ጎማቸውን ያሳሰሩ ቀን ሰውዬው፣ «እንኳን ወደ ትክክለኛው መንገድ መጡ» ብሎ እጃቸውን ጨብጧቸዋል፤ ምን እንዳሰረላቸው የገባቸው ወደ ቤት ሲነዱ ሳህን ጫኝ መኪና የነዱ ሲመስላቸው ነው። በቀጥታ የሄዱት አባቴ ዘንድ ነበር። «በእኔ ጎማ ከወጣህ ሁለተኛ ካልሲ ላትል ማል» አሉት፤ ማለ። እሳቸውም ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ፖስታ ሣጥናቸው ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይንሸራተቱ መድረሳቸውን ለማንም ላለመናገር ምለው ነበር፤ ግን ይኸው ራሳቸው ተናገሩት። ጎማዎቻቸው የሚያፈስ ጣሪያ ሥር መደረጋቸውን ሲሰሙ አባቴን በዋፍል መገልበጫው ሊመቱት ተነሱ።

ኤስፔን ግን እኔን ነበር የሚያየኝ። «ቱሪድ፣ ሳይታጠቡ ነው ያስቀመጣቸው ያልሽኝ...»

አባቴ ደስ ሲለው የሚሰማው ጆሮው ያኔ ደስ አለው። «ማን? እኔ? ጎማ ሳላጥብ?»

ፊቱ ጠቆረ። ሰማንያ ሁለት ዓመትህ ነው፣ አረጀህ፣ አትሰማም ስንለው የማይከፋው ሰው ያኔ ከልቡ ከፋው። አለቀስኩ። «ጭቃውን አይቼ ለኤስፔን የደወልኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ። የሰው ጎማ መሆኑን ሳላይ አንተን አረጀ አልኩ። ይቅር በለኝ» አልኩት፤ ያውም እየጮህኩ፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት፣ ሌላ መንገድ የለማ።

ቆይቶ ቆይቶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ መስሎኝ ደንግጬ ቀና ስል እየሳቀ ነው። «የራንዲን ጭቃ በእኔ ላይ!» ይላል። «ስም ማጥፋት ማለት ይሄ ነው!»

ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ሙቅ ነበር። «ፈርተሽ ነው የደወልሽው፤ መፍራትሽ ልክ ነው። ግን በዚህ እንስማማ። መዳፌ ጎማ ላይ አልፎ ጎማውን ያላወቀው ቀን ይሄንን እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ። አንቺ አትመጪብኝም፤ እኔ ነኝ የምመጣው። እሺ?»

«እሺ፣ አባዬ።»

ቁልፉን መልሶ ወሰደ፣ አኮርዲዮኑን ተሸክሞ ገባ። ወገቡን ረስቶታል። ኤስፔን በዚያ ጫማው የአዳራሹን ወለል ዳር እስከ ዳር ሲንሸራተትበት ዋለ፤ ከእትዬ ራንዲ ጋር ሦስት ጊዜ ጨፈረ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜም ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ሚስማር መርገጫ ገዝቶ ፎቶውን ላከልን።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። አባቴ ሰማንያ አራት ነው። የቀኝ ጆሮው አሁን ደስ ቢለውም አይሰማም። ጎተራው ውስጥ ጎማዎቹ ላይ ስም ተጽፏል፤ ሁለቱም ለየራሳቸው ጎማ ታማኝ ሆነው ቀርተዋል፣ ይሰዳደባሉም። አባቴ የተወው ካልሲ የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ አሁን «የእግር ሹራብ» ነው የሚለው።

በዚህ ጥቅምት ጎማ ልቀይር ስሄድ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ከሳምንት በፊት መነጽሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ አግኝቼው ነበር። ከእትዬ ራንዲ ጋር ተማክሬ አንድ ጎማቸውን ተዋስኩ፤ የሱን ያህል አጥቤ፣ አድርቄ፣ ለዓይን እንዳይለይ አራቱንም ጎማዎች በአዲስ በረዶ ላይ አንከባልዬ፣ የሳቸውን ቀኝ ኋላ አሰርኩት። ሦስቱ ባለ ሚስማር፣ አንዱ አይደለም። ከዚያ ጠራሁት።

ጓንቱን አውልቆ ወጣ። ግራ ፊት ላይ ጎንበስ አለ፣ መዳፉን አሳለፈ። ግራ ኋላ። ቀኝ ኋላ ላይ መዳፉ እንደሌሎቹ ዳበሰና አለፈ። ቀኝ ፊት። ቀና አለና፣ «ጎበዝ» አለኝ፤ አራተኛው ጊዜ መሆኑ ነው። አንድም ሌላ ቃል ሳይጨምር ዞሮ ሄደ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ምን ነበር ባልሞከርኩት እያልኩ ነበር። እጁ አላወቀውም። አሁን ወደ ቤት ገብቶ፣ ቃሉ ቃል ነውና፣ ቁልፉን ይዞልኝ ይመጣል። ቅዳሜ ደግሞ ነገ ነው። በመስኮታቸው የሚያዩን እትዬ ራንዲም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል።

ወደ ቤት ግን አልነበረም የሄደው። ከጎተራው ወጣ፤ በአንድ እጁ ክሪኩን ይዟል፣ በሌላው አራተኛውን ባለ ሚስማር ጎማ ያንከባልላል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ በየእርምጃው ይንቃጨላል። ክሪኩን ከቀኝ ኋላ ጎማ አጠገብ ጣለውና፣ የጎማ መፍቻውን እጄ ላይ አኖረው።

«በይ ፍቺ እንግዲህ» አለኝ። «ብሎኑን ደግሞ በመስቀል አጥብቂው።»